የአቅራቢ ወንበር

እትዬ አልጋነሽ ማረፋቸውን የነገረኝ መላኩ ነው። ከአያት በባቡር ተሳፍሬ፣ ጉርድ ሾላ ልወርድ በሩ አጠገብ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«ቲቸር፣ እትዬ አረፉ» አለኝ። ባቡሩ ቆሞ ሰው ከኋላ ሲገፋኝ ነው ነቅቼ የወረድኩት። መቼ፣ እንዴት፣ የት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ያቺ ወንበርስ?» የሚል ሆነ።

«አለች» አለኝ። «ዛሬ ጠዋትም ተቀምጬባታለሁ።»

መላኩ ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው እትዬን ሊያሸንፍ መጥቶ የተሸነፈ፣ በመሸነፉም ደስ ብሎት የሚኖር ሰው መሆኑን ማወቅ ይበቃል። እኔ መምህር ነኝ። ገርጂ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የንግድ ሥራ ትምህርት አስተምራለሁ። ነገር በቅደም ተከተል ማስረዳት ስለምወድ ባልደረቦቼ «አንተ ሰላም ሲሉህ እንኳ መግቢያና መደምደሚያ አለህ» ይሉኛል። ዛሬም ያንኑ ላደርግ ነው። የምጽፈው ግን ለልቅሶ አይደለም። እትዬ አልጋነሽ ያሸነፉበትን አንድ ቅዳሜ፣ ያም ቅዳሜ የወለደውን አንድ ሰኞ ልነግራችሁ ነው።

እትዬ አልጋነሽ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ዳቦ ቤት ነበራቸው። አጠር ያሉ፣ ነጭ ሽርጥ ከወገባቸው የማይለይ፣ ሲስቁ ከማቡኪያው ማሽን በላይ የሚሰሙ ሴት ነበሩ። ትውልዳቸው አዲግራት ነው። አዲስ አበባ ብዙ ኖረው አማርኛቸው የእኛው ቢሆንም፣ ሲገረሙ «እዋይ!» ማለትን አልተዉም። ትኩስ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ አንዱን ያነሱና ጆሯቸው አጠገብ አድርገው በጣታቸው ጫን ያደርጉታል። የሚያዳምጡት ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ድምፅ ነው። «ይናገራል» ካሉ ዳቦው ለሽያጭ ይወጣል። «አኩርፏል» ካሉ ጋጋሪው የጎደለውን ይፈልጋል።

ከዳቦ ቤቱ በፊት ረጅም ዘመን በአንድ ትልቅ ሆቴል ግዢ ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። ሲወጡም የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ስለዚህ ሻጭ እንዴት እንደሚያወራ፣ መቼ ስጦታ እንደሚያመጣ፣ መቼ ደግሞ ስልክ እንደማያነሳ ጠንቅቀው ያውቁታል።

በምድጃው ክፍል በር አጠገብ አንዲት ዝቅ ያለች የእንጨት ወንበር ነበረች። ደንበኛ አይቀመጥባትም፤ ሠራተኛም አይቀመጥባትም። የአቅራቢ ወንበር ናት። ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተት የሚያመጣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ከማውረዱ በፊት እዚያች ላይ ይቀመጥና ባለፈው ካመጣው ዕቃ የተሠራውን ይበላል። የእንቁላሉ ሰው እንቁላል በዳቦ ይበላል፣ የወተቱ ሰው ማኪያቶ ይጠጣል፣ የዱቄቱ ሰው ደግሞ ምንም ያልተቀባ ደረቅ ዳቦ ይቀርብለታል። ያልበላ አያወርድም።

አንድ ቀን ቁርሴን እየበላሁ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ግብዣ ነው ወይስ ፈተና?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሁለቱንም ነው» አሉኝ። «ሆቴል ሳለሁ አቅራቢው የሚያየው የእኔን ቢሮ ነበር። ወጥ ቤቱን አይቶ አያውቅም። እሱ ዕቃው ምን እንደሚሆን ሳያይ ያመጣል፣ እኔ ሳልቀምስ እገዛለሁ፣ መሃል ላይ እንግዳው ፊቱን ያጨማድዳል። እዚህ እንደዚያ አይሆንም። ደግሞ ስማኝ ቲቸር፣ አቅራቢ ዕቃ ብቻ እንዳይመስልህ የሚያመጣው። ውሳኔም ጭኖ ነው የሚመጣው። ዳቦው ምን ያክል ይሁን፣ ስንት ይሸጥ፣ ስንት ሰዓት ይከፈት፣ ሁሉ ከመኪናው ላይ ነው የሚወርደው። እኔ ቁጭ የማደርገው ዕቃውን ከውሳኔው ለይቼ ለማውረድ ነው።»

ይህን ንግግር ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እደግመዋለሁ። ነገር ግን እትዬ አቅራቢን የሚጠሉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። እንዲያውም ከሚሰጣቸው ምክር የሚበልጠው ከዚያች ወንበር የሚመጣው ነበር። ማርቆስ የሚባል የእንቁላል አቅራቢ ነበራቸው፤ ከወላይታ የመጣ፣ በሞተር ሳይክል ከቢሾፍቱ እንቁላል የሚያመላልስ፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሁልጊዜ የሚጸልይ ሰው። አንድ ጠዋት ወንበሯ ላይ ተቀምጦ እየበላ፣ «እትዬ፣ ጉርድ ሾላ ያሉ የቢሮ ሰዎች ጠዋት ተርበው ነው የሚገቡት። ሲያዛጉ አያቸዋለሁ። ይሄን እንቁላል በዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ቢሸጡላቸው ጌታን ይባርካሉ» አላቸው።

«ጌታን ነው ወይስ እኔን?»

«መጀመሪያ ጌታን፣ ከዚያ እርስዎን፣ ከተረፈ እኔን።»

በሳምንቱ በወረቀት የተጠቀለለው እንቁላል በዳቦ ተጀመረ። ቤቱ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ነበረው። ያም ከመኪና ባይሆን ከሞተር ላይ የወረደ ውሳኔ ነው። እትዬ ግን ቀምሰው፣ አስበው፣ ፈልገው ያወረዱት ነው።

አሁን ወደ መላኩ ልምጣ።

መላኩ ሰሚት አካባቢ ትልቅ መጋዘን ያለው የአንድ ዱቄት አከፋፋይ ሽያጭ ሠራተኛ ነበር። ጫማው የሚያበራ፣ አፉ የሚጣፍጥ፣ ገና ሳይቀመጥ ስልኩን ሁለቴ የሚያይ ጎልማሳ። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ዳቦ ቤቶች በሙሉ ዱቄት የሚወስዱት ከዚያ መጋዘን ነው። ሌላ አከፋፋይ ነበር፤ እሱ ሥራውን ሲተው ሁሉም በአንድ እጅ ገቡ። መላኩ የሚያደርሰው ረቡዕና ዓርብ ነው። እትዬ ወንበሯን ሲያሳዩት፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» ይላል። ክርስቲያን ሆኖ ለዚህ መልስ ያለው ማን ነው? እትዬም አክብረው ያልፉታል። እናም ከአቅራቢዎቹ ሁሉ ያቺ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቀው መላኩ ብቻ ነበር።

አንድ በጋ ላይ መጋዘኑ ስጦታ ይዞ መጣ። ለየዳቦ ቤቱ የመስታወት መደርደሪያ እና መብራት ያለው ትልቅ ማስታወቂያ። ያለ ክፍያ! ውሉ ከመጋዘኑ በስተቀር ከማንም ዱቄት አልገዛም የሚል ነው። ሁሉም ፈረሙ። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢጫ፣ የመጋዘኑ ስም በትልቁ፣ የዳቦ ቤቱ ስም ታች ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ።

ከእትዬ ማዶ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ አንጋፋ ዳቦ ጋጋሪ አሉ። ማስታወቂያው በተሰቀለ በሁለተኛው ቀን ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ፣ በስልክ እያወሩ ቢጫውን አይተው ገቡ፣ ሽርጥ አነሱ፣ «ይሄን ሊጥ ማን ነው እንዲህ ያቀጠነው?» ብለው ሠራተኞቹን ተቆጡ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለካ የገቡት ከራሳቸው ቤት ቀጥሎ ያለው ዳቦ ቤት ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው መንገድ ተሻግሮ ሐጂ ጆሮ ደረሰ።

«ሳቂ፣ አልጋነሽ፣ ሳቂ» አሉ ሐጂ ከበራቸው ላይ ሆነው። «የአንቺም ተራ ይደርሳል።»

«እኔማ ስሜን አላወርድም ሐጂ! ደንበኛዬ እንደ እርስዎ ሲጠፋብኝስ?»

እትዬ አልፈረሙም። የእሳቸው ሰሌዳ ያው የድሮው፣ በእጅ የተጻፈ «አልጋነሽ ዳቦ» ሆኖ ቀረ። መላኩ ለወጉ ያህል ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው። ከዚያ ነገሩ መልኩን ለወጠ። መጋዘኑ ዱቄት የሚፈልግ ሁሉ አብሮ ማርጋሪን መውሰድ አለበት አለ።

«እኔ በማርጋሪን ምንም አልሠራም» አሉት እትዬ። «ምን ላድርገው? ፀጉሬን ልቀባው?»

«እትዬ፣ እኔ ታዝዤ ነው» አለ መላኩ።

«አውቃለሁ ልጄ። ግን አንተም እኔን እያዘዝክ ነው።»

ዱቄቱም እየከፋ ሄደ። ሊጡ አልነሳ ስላለ ሐጂ ትልቁን ዳቦ መጋገር አቆሙ። አንዱ ጎረቤት ዳቦውን አሳነሰ፣ ሌላው ከሰዓት መዝጋት ጀመረ። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱን እንኳ ባለቤቱ ፈልጎ አልወሰነውም። ሁሉም ከመኪናው ላይ የወረዱ ናቸው። ሰዎቹ ደግሞ «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» ይሉ ነበር። እትዬ «ዘመኑ አይደለም፣ ጆንያው ነው» አሉ።

ነገሩ ወደ እኔ ትምህርት ቤት የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ርዕሰ መምህራችን ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ለተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይሰጥ ብለው ወሰኑ፤ ብዙ ልጆች ቁርስ ሳይበሉ ይመጡ ነበርና። ጨረታውን እትዬ አልጋነሽ አሸነፉ። ዳቦው ትምህርት በሚከፈትበት ሰኞ ጠዋት መድረስ አለበት። ካልደረሰ ውሉ ይፈርስና ልጆቹ የታሸገ ብስኩት ይሰጣቸዋል። ለእትዬ ይህ ሥራ ተራ ሥራ አልነበረም። ቤቱ በእግሩ ቆሞ፣ ስሙን ይዞ የሚቀጥለው በዚህ ነው።

መጋዘኑ ይህን ሰማ። ልክ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ባለው ረቡዕ መላኩ ባዶ እጁን መጣ። ጫማው ያበራል፣ ፊቱ ግን አያበራም።

«ካልፈረሙ ዱቄት የለም ተብሏል፣ እትዬ። ውሉን ይዤዋለሁ። ከፈረሙ ዛሬውኑ እናራግፋለን።»

እኔ እዚያው ሻይ እየጠጣሁ ነበር። በእትዬ ፈንታ ልመልስለት ብዬ «ይሄ እኮ አስገድዶ ማስፈረም ነው!» አልኩ። እትዬ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«ዛሬ ጾመኛ ነህ አይደል?» አሉት።

«አዎ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ ያልቀመስኩትን አልፈርምም። ቅዳሜ በጠዋት ና። ቅዳሜ ማንም አይጾምም። ቁርስህን እዚህ ትበላለህ፣ ከዚያ እፈርማለሁ ወይም አልፈርምም።»

መላኩ ተስፋ ሰንቆ ሄደ። ገና መንገዱን ሳይሻገር ማርቆስ በሞተሩ ደረሰ። እትዬ እንቁላሉን እንኳ ሳይቆጥሩ፣ «ማርቆስ፣ አንተ መንገድ ለመንገድ የምትውል ሰው ነህ። ከመጋዘኑ ሌላ ዱቄት የሚፈጭ አይተሃል?» አሉት።

ማርቆስ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን እያላመጠ አሰበ። «ዱከም መውጫ ላይ አንድ ትንሽ ወፍጮ አለ። ባለቤቷ ቤተ ክርስቲያናችን ነው የምትመጣው። ዱቄቷ ጥሩ ነው ይላሉ። ግን ገዢ የላትም፤ ሁሉም በመጋዘኑ ተይዟል።»

በማግስቱ አንድ ከረጢት ናሙና ከሞተሩ ኋላ አስሮ መጣ። እትዬ አስቦኩት፣ ጋገሩት፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ተጫኑት። «ይናገራል» አሉ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እዋይ፣ እንዴት ያለ ወሬኛ ዳቦ ነው!»

ችግሩ የመጣው አሁን ነው። የወፍጮዋ ባለቤት በስልክ ያለችው ግልጽ ነበር፤ መኪና የምልከው ሙሉ ጭነት ከተወሰደ ነው፣ ለአንድ ዳቦ ቤት ብዬ መኪና ብልክ ነዳጁ ይበላኛል። የእትዬ ቤት ደግሞ ሙሉ ጭነት ማንሳት አይችልም፤ ማስቀመጫም የለውም። ማንሳት የሚቻለው የመንገዱ ዳቦ ቤቶች ሁሉ ከተካፈሉት ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ውል ፈርመዋል፣ መደርደሪያ ተቀብለዋል፣ ቢጫ ለብሰዋል።

እትዬ መንገድ ተሻግረው ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄዱ። አብሬያቸው ሄጄ ስለነበር ንግግሩን ሰምቻለሁ።

«ሐጂ፣ ቅዳሜ ቁርስ ልጋብዝዎት።»

«አንቺ ደግሞ ምን ልታስበይኝ ነው?»

«የራስዎን ዳቦ።»

ሐጂ ፊታቸው ተለወጠ። «ልትሰድቢኝ ነው?»

«ላድንዎት ነው። መጋዘኑ ባለፈው ሳምንት ከሰጠዎት ዱቄት ትንሽ ያውሱኝ። የእኔው ጋጋሪ፣ በእኔው እርሾ፣ በእኔው ምድጃ ይጋግረው። ከዚያ ቁጭ ብለን እንየው። ጥሩ ከሆነ እኔም ፈርሜ ቢጫ እለብሳለሁ፣ እርስዎም ዕድሜ ልክዎን ይስቁብኝ።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። ዕድሜ ልክ የመሳቅ ዕድል ማንን አያጓጓ? ዱቄቱን ሰጧቸው። ሌሎቹም ባለ ዳቦ ቤቶች ሐጂ ከመጡ እንመጣለን አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ቤቱ በሰው ሞላ። ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው መሃል ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ በዙሪያቸው፤ ማርቆስ በሩ ላይ ከነሄልሜቱ፤ እኔ ጥግ ላይ። መላኩ ውሉን በፕላስቲክ ማህደር ይዞ ሲገባ ሰው ሁሉ ስላየው ደነገጠ።

«ሠርግ ነው እንዴ?» አለ።

«ሙሽራው አንተ ነህ» አሉ እትዬ። «ቁጭ በል።»

ወደ ወንበሯ አየ። «እትዬ፣ ቁርስ በልቼ ነው የመጣሁት…»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ዛሬ ደግሞ ጠግቧል!» አሉ ሐጂ። «ይሄ ልጅ ወይ ጾሟል ወይ ጠግቧል፣ ርቦት አያውቅም!»

መላኩ ሳይወድ ተቀመጠ። ወንበሯ ዝቅ ያለች ስለሆነች ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። እትዬ አንድ ዳቦ በሳህን አቀረቡለት። ቆረሰ፤ ዳቦው በእጁ ላይ ፍርክርክ አለ። ጎረሰ። አላመጠ። ማላመጡን አቆመና እንደገና ጀመረ። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ አለ።

«ውሃ ይኖራል?»

«ለምን?» አሉ ሐጂ። «የእኔ ደንበኞች ያለ ውሃ ነው የሚውጡት።»

ማንም አልሳቀም፤ ሐጂ ራሳቸው አልሳቁም። ከሳህኑ ቆርሰው ቀመሱ። አላመጡ። ያ ሰው አርባ ዓመት ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ነው። ዳቦውን ወደ ሳህኑ መለሱና መሬት መሬት አዩ።

እትዬ ሁለተኛውን ሳህን አመጡ። መላኩ ፈራ ተባ እያለ ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ ሌላ ቆረሰ። ሳያስበው ሙሉውን በላው። ፍርፋሪውንም በጣቱ ለቀመ።

«ይሄኛውስ የማን ነው?» አለ።

«ገና የማንም አይደለም» አሉ እትዬ። «የእኛ እናድርገው ወይ ብለን ነው የተሰበሰብነው።» ከዚያም ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው ስለ ዱከሟ ወፍጮ፣ ስለ ሙሉ ጭነቱ፣ እያንዳንዱ ቤት ስለሚወስደው ድርሻ አጠር አድርገው ነገሯቸው። ማርጋሪን የለም፤ ማስታወቂያ የለም፤ መደርደሪያም የለም። «የወፍጮዋ ባለቤት የምታመጣው ዱቄት ብቻ ነው» አሉ። «የቀረውን የምንወስነው እኛ ነን።»

መላኩ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ነበር። «እኔ የማውቀው ጆንያ ነው፣ እትዬ» አለ። «ዳቦ ሆኖ ቀምሼው አላውቅም። እውነቴን ነው።»

ይህን እያለ ስልኩ ጠራ። የመጋዘኑ ባለቤት ናቸው። መላኩ ስልኩን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ ድምፁን ለሁሉም ከፍቶ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። ይህን ለምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ ስጠይቀው «እጄ ነው ያደረገው» ይለኛል።

«እ? ፈረመች?» አለ ድምፁ።

«ጋሼ፣ ዱቄቱን በላሁት።»

«ምን አልክ?»

«ዳቦ ሆኖ በላሁት። አይበላም፣ ጋሼ።»

«አንተን የላክሁህ ልታስፈርም ነው ልትበላ?»

በዚህ ጊዜ ሐጂ ጎንበስ ብለው ስልኩን አነሱ። «እኔ ኑሩ ነኝ» አሉ። «እኔም በላሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ይሄን ስንት ወር ለሰው ልጅ ሸጥኩ!»

«ሐጂ፣ ውል አለን። የሰጠሁዎት መደርደሪያስ? ማስታወቂያውስ?»

«ውሉ ላይ የተጻፈው ዱቄት ነው፤ አንተ የሰጠኸኝ ይሄን ነው። መደርደሪያውን ስትፈልግ ውሰደው። ማስታወቂያውን ግን ዛሬውኑ ውሰድልኝ! እሱ ከተሰቀለ ጀምሮ ቤቴን ሰው እየጠየቅሁ ነው የምገባው!»

ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «የእኔንም!» አለ። ሌላው «የእኔንም አብረህ!» አለ። እያንዳንዱ ወደ ስልኩ እየተጠጋ የራሱን ስምና የቤቱን ስም ጮክ ብሎ ተናገረ። በትንሹ ተጽፎ ጥግ የነበረው ስም ሁሉ በዚያ ጠዋት በትልቁ ተጠራ። መስመሩ ተቋረጠ። እትዬ ውሉን ከነማህደሩ አንስተው ለመላኩ መለሱለት። «አልተፈረመበትም፤ ንጹህ ነው» አሉት። «አሁን ሻይ ጠጣ፣ ገርጥተሃል።»

እሑድ ከሰዓት የዱከሙ መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ መንገዱ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ከመኪናው እንደወረደ እትዬ እጁን ይዘው ወደ ወንበሯ ወሰዱት። «ከናሙናው የተጋገረ ነው፣ ብላ» አሉት። ግራ የተጋባው ሹፌር እየበላ ሳለ ሐጂ ከነልጆቻቸው ጆንያ ይቀበሉ ጀመር። ከጎናቸው ጃኬቱን አውልቆ ጆንያ የሚሸከም አንድ ሰው አየሁ። ጫማው በዱቄት ነጥቷል። መላኩ ነበር።

በዚያው ወር መጋዘኑን ለቀቀ። ዛሬ የዱከሟን ወፍጮ ጨምሮ ለትንንሽ ወፍጮዎች ሽያጭ ይሠራል፤ ከገርጂ እስከ አያት ያሉ ዳቦ ቤቶች ያውቁታል። የትም ሲሄድ መጀመሪያ «ባለፈው ካመጣሁት ጋገራችሁ? አምጡ እስቲ» ይላል። መጋዘኑም ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ዱቄትን ከማርጋሪን ጋር አስሮ አልሸጠም። ዱቄቱንም አሻሽሎ ተመልሶ መጥቷል፤ ሐጂ ከፊሉን ይወስዳሉ፣ ግን ወንበር ገዝተዋል። ትልቁን ዳቦም መጋገር ጀምረዋል። እትዬ የመጨረሻዎቹን ወራት ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሲያሳልፉ ዳቦ ቤቱን ለጋጋሪያቸው አስረክበው ነው። ያስረከቡት ከነሰሌዳው፣ ከነወንበሯ ነው።

ሰኞን ግን ገና አልነገርኳችሁም።

ሰኞ ማለዳ ገርጂ ጭቃው አልደረቀም ነበር። ተማሪዎቹ በአዲስ ዩኒፎርም ተሰልፈዋል። ርዕሰ መምህራችን ሰዓታቸውን እያዩ በሩ ላይ ቆመዋል። ብስኩቱ ለመጠባበቂያ በካርቶን ተዘጋጅቶ ቢሮ ውስጥ ነው። ደወሉ ሊደወል ሲል የሐጂ ኑሩ የዕቃ መኪና በሩ ላይ ቆመች። የራሳቸውን ዳቦ ከማድረሳቸው በፊት መኪናቸውን ለእትዬ አውሰዋል። ኋላዋ ሲከፈት ሙቀቱ ከነሽታው ሰልፉን መታው። ልጆቹ ሰልፋቸውን ረሱ።

እትዬ አልጋነሽ ከፊት ወንበር ወረዱ። ነጭ ሽርጣቸውን አልፈቱም። «ቲቸር፣ ደረስን!» አሉኝ። ፊታቸው እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። ዳቦውን የሚያወርዱት ሰዎች የመጀመሪያውን ትሪ አነሱ።

«ቆይ!» አልኩ።

ሁሉም ቆመ። ርዕሰ መምህራችን ደነገጡ። እኔ ሮጥ ብዬ ከአንደኛ ክፍል አንዲት ትንሽ የተማሪ ወንበር አወጣሁና ሜዳው መሃል፣ ከሰልፉ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እዋይ!» አሉ፣ «እዋይ ቲቸር!»

«ይህ ቤትም ደንብ አለው» አልኳቸው። «ዛሬ አቅራቢዋ እርስዎ ነዎት። አቅራቢ ካልበላ አይራገፍም።»

ሐጂ ከመኪናቸው መስኮት ላይ ሆነው «ተያዝሽ አልጋነሽ!» ብለው ጮኹ። ተማሪዎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ማጨብጨብ ጀመሩ። እትዬ ሽርጣቸውን ሰብስበው በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ። ከትሪው አንድ ዳቦ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ጫን አደረጉት። ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ። ቆረሱ። ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ።

«እንዴት ነው?» አሉ ርዕሰ መምህራችን፣ ትዕግሥታቸው አልቆ።

እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጨው ትንሽ ቀርቶታል» አሉ። «ነገ አስተካክለን እናመጣለን። አሁን አውርዱ፣ ልጆቹ ይብሉ!»